ጂምናስቲክስ ላይ ጓደኞቿ ጥለዋት ሄዱ፤ ልግፋት ወይስ ልተዋት?

እናት_ሲልቨርስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ነው፣ ቻሉኝ።

ልጄ 6 ዓመቷ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ጂምናስቲክስ ትማራለች፤ በሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ጠዋት። አብረዋት የጀመሩት ልጆች ሁሉ ወደሚቀጥለው ክፍል አልፈዋል። እሷ እዚያው ናት። በዕድሜ የምታንሳት የእህቴ ልጅ ደግሞ ለውድድር ቡድን ተመርጣለች። ቤተሰብ ሲሰበሰብ "እስቲ አሳዩን" ይባላል። የእህቴ ልጅ ሳሎን መሃል ትገለባበጣለች፣ ይጨበጨብላታል። የኔዋም አብራ ታጨበጭባለች። እሷ ምንም አልመሰላትም። እርር የምለው እኔ ነኝ።

አሰልጣኟ የቀራት ሁለት ነገር ነው ትላለች። አንዱ ካርትዊል ነው፤ በእጅ ተደግፎ በጎን መሽከርከር። እጇን ታስቀምጣለች፣ ግን እግሯን ወደ ላይ አትወረውርም፤ ጎንበስ እንዳለች ዘላ ትሻገራለች። ሁለተኛው ባሩን፣ አግዳሚውን ዘንግ ይዛ፣ እግሯን በላዩ አዙራ ሆዷን አስደግፋ መውጣት፤ ፑልኦቨር የሚሉት።

ባለቤቴ "ፕራይቬት፣ አንድ ለአንድ ትምህርት እናስይዛት" ይላል። አማቴ ከአዲስ አበባ በስልክ "ልጅቷን አታገለባብጧት፣ አንጀቷ ይዞራል" ይላሉ። እኔ መሃል ላይ ነኝ። ልጆቻችሁን ያስተማራችሁ፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

አባ_ናቲ

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ገንዘብ እየከፈልሽ ልጅሽ አንድ ቦታ ተገትራ ስትቀር ዝም ማለት ደግ አይደለም። የኔ ልጅ ዋና ላይ እንደዚሁ ሆኖ ነበር። ፕራይቬት አስያዝነው፣ ተንቀሳቀሰ። የጂምናስቲክስ ሻምፒዮኗ ሲሞን ባይልስም የጀመረችው በ6 ዓመቷ ነው። ልጅ ካልተገፋ ታብሌቱን ታቅፎ ሶፋ ላይ ነው የሚያድገው። ባልሽ ልክ ነው።

ቡናማ_ሰፈር

አማትሽ ገደሉኝ! እኛንም "አንጀታችሁ ይዞራል" እያሉ ነው ያሳደጉን። ይኸው እስካሁን ቦታው ላይ ነው።

የሰርከሱ_ልጅ

ሰላም። አዲስ አበባ ሰርከስ ውስጥ ነው ያደግሁት። አሁን ጀርመን ነኝ፤ ማታ ማታ ትንንሽ ልጆች አሠለጥናለሁ። ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝር።

መጀመሪያ ፑልኦቨር። ልጅቷ ባሩን ትይዛለች፣ ክርኗ ይታጠፋል፣ አገጯ ባሩ አጠገብ ይሆናል። ከዚያ ሆዷን ጨምቃ እግሯን ከባሩ በላይ ታሳልፋለች። ዳሌዋ ባሩን ሲነካ ጭንቅላቷ ወደ ታች ይወርዳል፣ ትዞራለች፣ እጇን አስተካክላ ቀና ትላለች። ሚስጥሩ ያለው ክርኑ ላይ ነው። ክርን ከተዘረጋ አለቀ። ዳሌዋ ከባሩ ይርቃል፣ ተንጠልጥላ አየሩን ስትራገጥ ትቀራለች። አሰልጣኝ ከታች ገፍቶ ሊያወጣት ይችላል፤ ግን ያኔ የወጣው አሰልጣኙ እንጂ እሷ አይደለችም።

ይሄ የክንድና የሆድ ጉልበት ጉዳይ ነው። ቁመቷ ቀድሞ የተመዘዘ ልጅ ረጅም እግር ይዛ ነው የምትዞረው፤ ከባድ ነው። አጠር ቀለል ያለችው ብዙም ሳትማር ትወጣዋለች። ሁለቱንም ጎን ለጎን አቁመሽ አንዷን ጎበዝ፣ ሌላዋን ሰነፍ ብትዪ ፍርደ ገምድል ነው። እኔ ያላደረሰችውን ልጅ መጀመሪያ ማውረድ ነው የማስተምራት። ባሩ ላይ አውጥቼ አስቀምጣታለሁ፤ እሷ ቀስ ብላ፣ ክርኗን ሳትለቅ፣ ተዟዙራ ትወርዳለች። ሲወርዱ የተማረ ጡንቻ በኋላ ሲወጡ ያግዛል። ሌላው ተዳፋት ያለው ፍራሽ ባሩ ሥር ማቆም ነው። እግሯ ፍራሹ ላይ እየተራመደ ይወጣል፤ ፍራሹን በየጊዜው ዝቅ እናደርገዋለን። አንዳንዷ በወር ትወጣለች፣ አንዳንዷ ዓመት ይፈጅባታል።

ካርትዊል ላይ እግር የማይወረወረው ብዙ ጊዜ በፍርሃት ነው። ክንዷ እንደማይሸከማት ታውቃለች። ልጆች ስለ ሰውነታቸው እኛ ከምናስበው በላይ ያውቃሉ። ከካርትዊል በፊት ሆዷን ወደ ግድግዳ አድርጋ፣ እግሯን ግድግዳው ላይ እያራመደች በእጇ ትቁም። መጀመሪያ ትንሽ ከፍታ፣ ከዚያ እየጨመረ። ክንዷን ስታምነው እግሯ ራሱ ይወረወራል።

እኔ ባለሁበት ከተማ የሰፈሩ የስፖርት ማኅበር፣ ፈራይን የሚሉት፣ ለትንንሾች ኪንደርቱርነን የሚባል ሰዓት አለው። ይሮጣሉ፣ ይወጣሉ፣ ይንከባለላሉ፣ ከሳጥን ላይ ይዘላሉ። ማን አለፈ፣ ማን ቀረ የሚባል ነገር የለም። እርግጥ ለውድድር የሚመለመሉ ልጆች እዚህም አሉ። ግን የ6 ዓመት ልጅ በሙሉ በዚያ ሚዛን አይለካም።

የኛንም ሰርከስ አላሳምረውም። ሣር ላይ ነበር የምንሠራው። ትልልቆቹ ከታች ይሸከማሉ፣ ትንንሾቹ ላይ ይወጣሉ፤ ማንም "ሌቭል ስንት ነህ" አላለንም። ደስ ይል ነበር። ግን የቸኮለ አሰልጣኝ እዚያም አልጠፋም። ወገቡን ይዞ የቀረ ጓደኛ አለኝ።

አባ_ናቲ

ወንድሜ፣ ጥሩ አብራርተሃል፣ ከልብ። ግን ይሄን ሁሉ አንድ ለአንድ ብታገኘው አይሻልም? እኔም እኮ ያልኩት ይሄንኑ ነው።

የሰርከሱ_ልጅ

ፕራይቬት ክፉ ነው አላልኩም። ፍርሃት ካለባት፣ ወይም አያያዟ ተበላሽቶ ከሆነ ይረዳል። ግን በሳምንት ግማሽ ሰዓት ፕራይቬት የክንድ ጉልበት አይሠራም። መጫወቻ ሜዳ ሄዳ ዘንግ ላይ ብትንጠለጠል ይሠራል። ለዚያ ደግሞ የሚከፈል ነገር የለም።

ፊዚዮ_ሜሪ

ሰላም እህቴ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ጂምናስት ልጆች ይመጡልኛል። የምጽፈው አጠቃላይ ነገር ነው፣ ልጅሽን አላየኋትም።

የልጅ አጥንት ጫፍ ላይ የሚያድግበት ቦታ አለ። ገና ለስላሳ ነው፤ ከአጥንቱም ከጅማቱም ይልቅ ደካማው እሱ ነው። ጂምናስቲክስ ደግሞ እጅን እግር ያደርጋል። በእጅ ሲቆም፣ ካርትዊል ሲሠራ፣ የሰውነት ክብደት በሙሉ የእጅ አንጓ ላይ ያርፋል። ድግግሞሹ ሲበዛ ያ የማደጊያ ቦታ ይቆጣል። ብዙውን ጊዜ የሚያመው በአውራ ጣት በኩል ያለው የአንጓ አጥንት ነው። ተረከዝና ከጉልበት በታችም እንዲሁ ያማል፣ በተለይ ቁመት በሚመዘዝበት ወቅት። ወገብ ወደ ኋላ በብዛት ሲታጠፍ ደግሞ የአከርካሪ አጥንት ሊሰነጠቅ ይችላል። በሳምንት አንዴ የምትሄድ የ6 ዓመት ልጅ ለዚህ ሁሉ አትጋለጥም፤ አትደንግጪ። የምጽፈው "ቶሎ ቶሎ" ሲባል ዋጋው የት ላይ እንደሚከፈል እንድታውቂው ነው።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ምክሩ ግልጽ ነው። ልጅ በአንድ ስፖርት ብቻ መወሰኑን እስከ 15 ወይም 16 ዓመት ቢያዘገይ ይመረጣል። በሳምንት ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን ዕረፍት። በዓመት ውስጥም በጠቅላላው ሦስት ወር ያህል ከዚያ ስፖርት መራቅ። በዘርፉ የሚሠሩ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ሌላ ቀላል መለኪያም አለ፦ በሳምንት የልምምዱ ሰዓት ከልጁ ዕድሜ አይብለጥ። የ6 ዓመት ልጅ፣ ከ6 ሰዓት በላይ አይሆንም ማለት ነው። እህትሽ የልጇ ቡድን በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚያሠራ ብትጠይቅ ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ግን አይታለፍ። ስፓጋት፣ እግር ከፍቶ መሬት ላይ መቀመጥ፣ ስትሠራ ትከሻዋን ወይም ዳሌዋን ወደ ታች የሚጫን አሰልጣኝ ካየሽ፣ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ።

ስለ ባይልስ የተባለው እውነት ነው፣ በ6 ዓመቷ ከሕፃናት መዋያዋ ልጆች ጋር ጂም ለመጎብኘት ሄዳ ነው የጀመረችው። ግን ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ፣ በፈረንጆቹ 2024፣ የሁለገቡን (የሁሉም መሣሪያ ድምር) ወርቅ ስትወስድ 27 ዓመቷ ነበር። በ2021 ቶኪዮ ላይ አየር ውስጥ ሳለች የት እንዳለች ሲጠፋት ከቡድኑ ፍጻሜ ራሷን አውጥታለች፤ በኋላ ቢም ላይ፣ ጠባቧ የሚዛን እንጨት ላይ፣ ተመልሳ ነሐስ ወሰደች። የዓለም ሻምፒዮን "ዛሬ ሰውነቴ አልሆነም" ማለት ከቻለች፣ የ6 ዓመት ልጅ ካርትዊል ላይ እንዲያ ብትል ምን ይገርማል? ኦክሳና ቹሶቪቲና ደግሞ በ33 ዓመቷ የኦሊምፒክ ብር ወስዳለች፣ በ46 ዓመቷም ቶኪዮ ላይ ዘላለች። ናዲያ ኮማነቺ በ1976 ሞንትሪያል ላይ 10 ከ10 ስታገኝ 14 ዓመቷ ነበር። ዛሬ ያ አይፈቀድም፤ ከ1997 ጀምሮ ለአዋቂ ሴቶች ውድድር ዝቅተኛው ዕድሜ 16 ነው። ስለዚህ ወዴት ነው የምንሮጠው?

የወተት ጥርስ አንዱ ልጅ በ5 ዓመቱ ያወልቃል፣ ሌላው በ7። ለእሱ ፕራይቬት ያስያዘ ሰው ግን አላየሁም።

ቡናማ_ሰፈር

ዶክተር፣ ሀሳብ አትስጪያቸው!

ከረሆቮት

ሻሎም፣ ሰላም። እኛ ጋ፣ እስራኤል፣ አርቴም ዶልጎፕያት ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ በፍሎር (የወለል እንቅስቃሴ) ወርቅ ካመጣ በኋላ ወላጁ ሁሉ ልጁን ለጂምናስቲክስ ሁግ፣ ከትምህርት ውጪ ለሚሰጥ ክፍል፣ አስመዘገበ። እኔም አንዱ ነኝ። ማትናሱ፣ የሰፈሩ ማዕከል፣ ጠበበ።

ላነሳው የፈለግኩት ሌላ ነገር ነው። "በራሷ ፍጥነት" የምትለዋን ቃል አንዳንድ ቦታ ለስንፍና መሸፈኛ ያደርጓታል። የልጁ ስንፍና ሳይሆን የክፍሉ። የኔ ልጅ ለውጥ ሲያጣ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሙሉውን ሰዓት አየሁት። አብዛኛውን ጊዜ ወረፋ ላይ ነው የቆመው። ልጆቹ ብዙ፣ ባሩ አንድ፣ አሰልጣኟ አንድ። ተራው ደርሶ ባሩን ሲነካ፣ "ቀጣይ!" ይባላል። ይሄ ልጅ በራሱ ፍጥነት እየሄደ ነው? አይደለም፣ ቆሟል።

ጥሩ ክፍል ሌላ ነው። አንዱ ባሩ ላይ ሲሆን ሌላው ጎኑ ፍራሽ ላይ ይንከባለላል፣ ሦስተኛው ግድግዳ ላይ በእጁ ይቆማል። ሥራ የፈታ ልጅ የለም። እህቴ፣ ቅዳሜ ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ከተሽ ተራዋን ቁጠሪ። ባሩን ስንቴ ትነካለች? መልሱ እዚያ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

አባ_ናቲ

ይሄ ሰውዬ ገባኝ። ይሄ ነው ቁም ነገር።

አትላንታዋ

እኔ የእህትሽን መንገድ የሄደ ሰው ነኝ፤ ስለዚያኛው ልንገርሽ።

ልጄ በ6 ዓመቷ ለቡድን ተመረጠች። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ከአንድ ቀን ወደ ሦስት ቀን፣ ከዚያ ወደ አራት ሄደ። የውድድር ክፍያ፣ ሊዮታርድ (የጂምናስቲክስ ልብስ)፣ ለውድድር ሌላ ከተማ ሲኬድ ሆቴል። በዓል በመጣ ቁጥር ውድድር አለ። ወላጅ ልምምድ ማየት አይችልም ተብሎ መስኮቱ ተሸፈነ። እኔና ሌላ እናት ስንጠይቅ "ልጆቹ ትኩረታቸው ይበተናል" አሉን። በኋላ ስለ ናሳር ሳነብ፣ የአሜሪካ ጂምናስቲክስ ቡድን ሐኪም ሆኖ ያን ሁሉ ሕፃን በወሲብ ስላጠቃው ሰው፣ ስለ ተሸፈነ መስኮት ያለኝ ሀሳብ ለዘላለሙ ተለወጠ። ልጅሽ የምትማርበት ቦታ በፈለግሽ ሰዓት ገብተሽ ማየት ካልቻልሽ፣ ስለ ካርትዊሉ ማውራት አያስፈልግም።

9 ዓመቷ ላይ ልምምድ ባለባት ቀን ሆዷን ይቆርጣት ጀመር። ቅዳሜና እሑድ ደህና ናት። ሐኪም ምንም አላገኘባትም። ወደ ኋላ መገልበጥ ነበር የፈራችው፤ አንዴ አንገቷ ላይ ወድቃ ነበር። "ፍርሃትሽን ዋጪው" ተባለች። አወጣናት። ሁለት ዓመት ያህል ጂም ማየት አልፈለገችም።

አሁን 12 ዓመቷ ነው፣ ራሷ ጠይቃ ተመልሳለች። የገባችው ግን ኤክሴል የሚባለው ውስጥ ነው። ለማታውቁት፦ በዋናው የውድድር መስመር እስከ ሌቭል 5 ልጆቹ ሁሉ ተመሳሳይ የተጻፈ እንቅስቃሴ ነው የሚሠሩት። አንዷን ነገር ካልቻልሽ ትቆሚያለሽ። ኤክሴል ከብሮንዝ ይጀምራል፤ መሟላት ያለባቸው ነገሮች አሉ፣ ግን ከምትችዪው ውስጥ መርጠሽ የራስሽን ታዘጋጃለሽ። ሰዓቱም ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው። ልጄ ያንን የኋላ መገልበጥ እስካሁን አትሠራም። ሌላ መርጣ ትወዳደራለች። ሜዳልያም አላት፣ ሆዷንም አያማትም።

እህትሽን አታስፈራሪያት ግን። ደስ ብሏት የምትሠራ ልጅ ትኖራለች።

የዱባዩዋ

ሰላም እህቶች። እኔ ልጅ የለኝም፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ ዱባይ። የማዳሜን ልጅ ጂምናስቲክስ የማደርሳት እኔ ነኝ። 5 ዓመቷ ነው። ወላጆች አይመጡም፣ እዚያ የምንቀመጠው እኛ ነን፤ ፊሊፒን፣ ሀበሻ፣ ኬንያ።

እኛ የምናየውን እናት አታየውም። ልጅቷ ባጅ ያገኘች ቀን መኪና ውስጥ ዝም ትላለች። ባጁን ለእናቷ እንዳሳይላት ትሰጠኛለች፣ ከዚያ ትተኛለች። ባጅ በሌለበት ቀን፣ ያ ስፖንጅ የሞላበት ጉድጓድ ውስጥ እንዲዘሉ የፈቀዱላቸው ቀን፣ እስከ ቤት ድረስ ስታወራ ነው የምትሄደው። "አየሽኝ? አየሽኝ?" ትላለች። አይቻለሁ እላታለሁ።

ስለ ስፖርቱ አላውቅም። ግን ልጅሽ ከክፍል ስትወጣ ምን እንደምታወራ ስሚ።

ፊዚዮ_ሜሪ

የኔ እህት፣ ከሁላችንም የተሻለ ጻፍሽ። እግዜር ይስጥልን።

እናት_ሲልቨርስፕሪንግ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ይመቻችሁ።

ቅዳሜ የረሆቮቱን ምክር ሠራሁበት። ስልኬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ቁጭ አልኩ። ባሩ ላይ ተራ የሚደርሳት ከስንት አንዴ ነው፤ የቀረውን ሰዓት ወረፋ ላይ ከፊቷ ካለችው ልጅ ጋር እጅ ለእጅ ትጫወታለች። ደስተኛ የሆነችበት ምክንያትም ገባኝ!

አሰልጣኟን ለብቻ አነጋገርኳት። "ቀጣዩ ደረጃዋ ምንድን ነው?" አልኳት። ጥሩ ሴት ናት፣ አልተቆጣችም። ማውረዱን እስካሁን እንዳላስጀመረቻት ነገረችኝ፣ ልጅ ስለሚበዛባት። ረቡዕ ማታ ያለው ክፍል ውስጥ ልጆቹ ጥቂት ናቸው፣ ደረጃው ያው ነው፣ ወደዚያ አዛወርናት። ክፍያው አልተጨመረም።

ባለቤቴ ፕራይቬቱን አልተወውም። ለጊዜው ግን ከሥራ ሲመለስ መጫወቻ ሜዳ ይወስዳታል። አብሯት ዘንጉ ላይ ሲንጠለጠል ሸሚዙ ከብብቱ ተቀደደ። እህቴ ደግሞ ሰዓቱን ስጠይቃት 9 ነው አለችኝ። ዕድሜዋን አስልታ ዝም አለች። ከዚያ በላይ አላልኩም፣ የእሷ ልጅ ናት።

አባ_ናቲ

ባልሽን አይዞህ በይልኝ። እኔ ግን አሁንም ስድስት ወር ጠብቂና ለውጥ ከሌለ ፕራይቬት አስይዢ ባይ ነኝ። ገንዘብ ለልጅ ካልወጣ ለምን ይወጣል?

የሰርከሱ_ልጅ

ስድስት ወር ጥሩ ነው። ለክንድ ጊዜ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ እንጣላለን።

እናት_ሲልቨርስፕሪንግ

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከርዕሱ ወጣ ያለ ነው። የረቡዕ ክፍል ላይ "አንገት ላይ ምንም አይፈቀድም" ብለው ማተቧን አስወለቋት። ልጅቷም አልወደደችውም፣ እኔም ቅር አለኝ። እናንተ እንዴት አደረጋችሁ? ጸጉሯንስ? ሹሩባ ነው የምሠራት።

አትላንታዋ

እኛም ደርሶብናል። ተነጋገሪያቸው፣ ሃይማኖት ነው በያቸው። እኛን የፈቀዱልን መስቀሉን ቤት አስቀርተን፣ ቀጭን የጥጥ ክር ብቻ አስረንላት፣ እሱንም በፕላስተር ለጥፈን ነው። ክሩ ቢያዝ ቶሎ የሚበጠስ ይሁን። ወፍራም የናይለን ክር በፍጹም። አሻፈረኝ ካሉሽም የንስሐ አባትሽን ጠይቂ።

ፊዚዮ_ሜሪ

ስለ ክሩ እስማማለሁ። ባሩ ላይ የተጠመደ የማይበጠስ ክር አደገኛ ነው፣ ከልባቸው ነው የሚሉት። ሎቲም ካላት አውልቂላት፣ በተለይ ቀለበት የሚመስለውን።

የሰርከሱ_ልጅ

ሹሩባ ምርጥ ነው፣ ፊቷ ላይ አይመጣም። ግን ከኋላ አትቋጥሪው። ሲንከባለሉ በማጅራት በኩል ነው የሚያልፉት፣ ቋጠሮው ያማታል። ከፍ አድርጊው፣ ወይም ሁለት ጎን ክፈዪው። ዶቃ ደግሞ አደራ! ባለፈው የአንዷ ተበጥሶ ክፍሉን አቁመን ከፍራሽ ሥር ስንለቅም አመሸን።